ለአሮጌ ራውተር አዲስ ፈርምዌር፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

አርብ ማታ

ቤታችን ያለው ራውተር ብዙ ዓመት አገልግሏል። አካሉ ምንም አልሆነም። ሦስቱም አንቴናዎች ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ የኬብል ፖርቶቹ ይሠራሉ፤ ሌት ተቀን በርቶም አይግልም። ችግሩ ውስጡ ነው። አምራቹ ለዚህ ሞዴል የመጨረሻውን ፈርምዌር ካወጣ ዓመታት ተቆጥረዋል። ፈርምዌር ማለት ራውተሩ ሲበራ የሚነሳው፣ ሥራውን ሁሉ የሚመራው ሶፍትዌር ነው። እሱ ካልታደሰ ከዚያ ወዲህ የተገኘ የደህንነት ቀዳዳ ሁሉ እንደተከፈተ ይቀራል።

ሁለተኛም ነገር አለ። እኔ ትልቅ ፋይል መላክ ስጀምር የቤቱ ኔት በሙሉ ይሞታል። ታናሽ ወንድሜ ጨዋታ ላይ ከሆነ ድምፁ ከክፍሉ ይሰማል፦ «ኧረ ማነው አፕሎድ የሚያደርገው?» እማዬ ደግሞ በቪዲዮ እያወራች ከሆነ ስልኩን አንዴ ወደ ጆሮዋ፣ አንዴ ወደ መስኮቱ ታደርገዋለች።

አዲስ ራውተር መግዛት ይቻላል። ግን አዲሱም ከጥቂት ዓመት በኋላ እዚሁ ደረጃ ላይ ይገኛል። ስለዚህ ኦፕን ደብልዩአርቲ የሚባለውን፣ ሊኑክስ ላይ የተሠራ ነጻ የራውተር ፈርምዌር ልጭንበት ወስኛለሁ። ከዛሬ ጀምሮ የማደርገውን ሁሉ እዚህ እጽፋለሁ፤ የተሳሳትኩትንም ጭምር።

ስለ ስሙ ትንሽ ልበል፤ ታሪኩን እወደዋለሁ። ሊንክሲስ የሚባለው አምራች እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ደብልዩአርቲ54ጂ የሚባል ሰማያዊና ጥቁር ራውተር ገበያ ላይ አወጣ። በ2003 ሰዎች ፈርምዌሩን ሲመረምሩ ውስጡ ሊኑክስ አገኙ። የሊኑክስ ፈቃድ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ፕሮግራሙን የሚያሰራጭ ሰው ሶርስ ኮዱንም፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ጽሑፍ፣ አብሮ መስጠት አለበት። ኮዱ ተለቀቀ። በ2004 በዚያ ኮድ ላይ ተመሥርቶ ኦፕን ደብልዩአርቲ ተጀመረ። እንግዲህ ዛሬ እኔ ቤት የማደርገው ነገር መነሻው ያኔ ኮዱ ይሰጠን ብለው የጠየቁ ሰዎች ናቸው።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ራውተሩን ገልብጬ ሆዱ ላይ ያለውን ወረቀት አነበብኩ። የሞዴሉ ስም አይበቃም። ከስሙ ቀጥሎ በትንሹ የተጻፈችው የቨርዥን ቁጥር ናት ዋናዋ። የእኔ 2 ይላል።

ይህችን ቁጥር ንቆ የሚያልፍ ሰው ብዙ ነው። አምራቾች ግን ካርቶኑንም ስሙንም ሳይቀይሩ ውስጡን ይቀይራሉ። ያው ደብልዩአርቲ54ጂ ራሱ ምሳሌ ነው። 4ኛው ቨርዥን 4 ሜጋባይት ፍላሽ (ፈርምዌሩ የሚቀመጥበት) እና 16 ሜጋባይት ራም (ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ቦታ) ነበረው። 5ኛው ወደ 2 ሜጋባይት ፍላሽና 8 ሜጋባይት ራም ወረደ፤ ሊኑክሱም ቪኤክስዎርክስ በሚባል ሌላ ሲስተም ተተካ። ከውጭ ለሚያየው ሰው ሁለቱ መንታ ናቸው። ለአንዱ የተሠራ ፈርምዌር ግን ለሌላው አይሆንም።

ከዚያ የኦፕን ደብልዩአርቲን የሃርድዌር ሠንጠረዥ ከፈትኩ። የእኔ ሞዴል ከነቨርዥኑ አለ። 16 ሜጋባይት ፍላሽ፣ 128 ሜጋባይት ራም፣ የዋይፋይ ቺፑ አቴሮስ። ደስ አለኝ። 4 ሜጋባይት ፍላሽና 32 ሜጋባይት ራም ያላቸው ራውተሮች በአሁኖቹ ቨርዥኖች አይደገፉም፤ ቦታ አይበቃቸውም። የዋይፋይ ቺፑም ማን እንደሠራው ማየት ያስፈልጋል። ብሮድኮም ከሆነ ድራይቨሩ ዝግ ስለሆነ ዋይፋዩ ወይ በደንብ አይሠራም ወይ ጨርሶ አይነሳም። አቴሮስና ሚዲያቴክ ይሻላሉ። ያገለገለ ራውተር ለዚህ ሥራ ብሎ የሚገዛ ሰው ካለ ከዋጋው በፊት ቺፑን ይይ።

ቅዳሜ፣ 4 ሰዓት ተኩል

ፋይሎቹን አወረድኩ። ሁለት ዓይነት ናቸው። ፋክተሪ የሚባለው ከአምራቹ ፈርምዌር ወደ ኦፕን ደብልዩአርቲ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመሻገር ነው። ሲስአፕግሬድ የሚባለው አንዴ ከተሻገሩ በኋላ ለማደስ ነው። ሁለቱንም ያዝኩ። የወሰድኩት 24.10 ከሚባለው የተረጋጋ ተከታታይ ነው። ስናፕሾት የሚባሉት በየዕለቱ የሚወጡ ናቸው፤ ሉሲ የሚባለው የብራውዘር ገጽ አብሯቸው አይመጣም፤ ለጀማሪ አይመቹም።

ፋይሉ ሳይበላሽ መውረዱን ሻ256 በሚባለው የፋይል አሻራ አረጋገጥኩ። ላፕቶፑ ያወጣውን ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ከማውረጃው ገጽ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አስተያየሁ። ገጠመ። ይህ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ መዝለሉ ግን ያስከፍላል።

ቀጥሎ መመለሻውን አዘጋጀሁ። ነገሩ ቢበላሽ በምን እመለሳለሁ? የእኔ ራውተር ቡትሎደሩ ውስጥ የቲኤፍቲፒ ማዳኛ አለው። ቲኤፍቲፒ ፋይል በኔትወርክ የሚተላለፍበት ቀላል መንገድ ነው። ቡትሎደር ራውተሩ ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሳ ትንሽ ፕሮግራም ነው። የሚኖረውም ፍላሹ ላይ የራሱ በሆነ ክፍል ነው፤ ፈርምዌሩ ሲጻፍ እሱ አይነካም። ሪሴቱን ተጭነው ሲያበሩት በኬብሉ በኩል አንድ የተወሰነ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ላይ ያለ ኮምፒውተር ፈልጎ ፈርምዌር ይጠይቃል። የእኔ የሚፈልገው 192.168.0.66 ነው። የፋይሉም ስም የተወሰነ ነው፤ አንዲት ፊደል ብትዛነፍ አይቀበልም።

ይህን ሁሉ ወረቀት ላይ በእጄ ጻፍኩት። ኔት ከጠፋ በኋላ መመሪያውን ከኔት ላይ ማንበብ አይቻልም። የቲኤፍቲፒ ፕሮግራሙንም አስቀድሜ ላፕቶፑ ላይ ጫንኩ።

ቅዳሜ፣ 5 ሰዓት ከ20

ላፕቶፑን በኬብል አገናኘሁ። ፈርምዌር በዋይፋይ አይጫንም፤ መሃል ላይ ከተቋረጠ አለቀ።

የአምራቹን ገጽ ከፍቼ ፈርምዌር ማደሻው ጋ ገባሁ። የፋክተሪውን ፋይል ስሰጠው አልቀበልም አለ። ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ምክንያቱን ሳገኝ ገረመኝ። የፋይሉ ስም ረዝሞበት ነው። ስሙን አሳጥሬ «ፋክተሪ» ብቻ አልኩት። ወዲያው ተቀበለኝ።

መስመሩ መሙላት ጀመረ። 20፣ 40፣ 60።

ቅዳሜ፣ 6 ሰዓት ሊሆን ሲል

ራውተሩ አይነሳም።

የሆነውን እንዳለ ልጻፍ። መስመሩ 70 ገደማ ሲደርስ ቆመ። ብራውዘሩ ገጹን ማግኘት አልቻልኩም አለ። መብራቶቹ አይለዋወጡም። አንድ ደቂቃ ጠበቅኩ። ደረቀ ብዬ ደመደምኩና ከሶኬቱ ነቀልኩት። ጥፋቱ ይህ ነው። ብራውዘሩ ላይ ያለው መስመር ግምት ብቻ ነው፤ ራውተሩ በዚያ ሰዓት ፍላሹን እየጻፈ ነበር። ግማሽ ላይ አቋረጥኩት። አሥር ደቂቃ መጠበቅ ነበረብኝ።

አሁን ሲበራ የኃይል መብራቱ ብቻ ይበራል። ሌሎቹ አንዴ ብልጭ ይሉና ይጠፋሉ። ትንሽ ቆይቶ ያው ይደገማል። መነሳት ይጀምራል፣ መሃል ላይ ይወድቃል፣ እንደገና ይጀምራል።

ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ «አበቃለት እንዴ?» አለኝ።

«አላበቃለትም። ይነሳል» አልኩት። እርግጠኛ ግን አልነበርኩም።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ረጅሙ ክፍል

ወረቀቴን አወጣሁ። ላፕቶፑን በቋሚ አይፒ 192.168.0.66 ላይ አደረግኩት። የቲኤፍቲፒ ፕሮግራሙን ከፈትኩ። ፋይሉን ቡትሎደሩ በሚፈልገው ስም ቀይሬ ፎልደሩ ውስጥ አስቀመጥኩ። ኬብሉን ከላን (የቤት ውስጥ ኔትወርክ) ፖርቶቹ በአንዱ ሰካሁ። ሪሴቱን በእስክርቢቶ ጫፍ ተጭኜ አበራሁ። አሥር ሰከንድ ያዝኩት። ለቀቅኩት።

ምንም የለም።

ደገምኩት። ምንም። ሦስተኛ፣ አራተኛ። ጣቴ ላይ ምልክት ወጣ።

መገመቱን ትቼ ኬብሉ ላይ ምን እንደሚያልፍ ልመልከት አልኩ። ዋየርሻርክ የሚባለው ፕሮግራም በኔትወርክ ካርዱ የሚያልፈውን እያንዳንዷን ፓኬት፣ ማለትም ቁራጭ መረጃ፣ ያሳያል። ከፍቼ እንደገና ሞከርኩ። ችግሩ ያለው ላፕቶፑ ላይ እንደሆነ ታወቀኝ። ራውተሩ ሲጠፋ ኬብሉ «የለም» ይባላል። ራውተሩ ሲበራ ላፕቶፑ ኬብሉን እንደገና ለማወቅ ጥቂት ሰከንድ ይፈጅበታል። ቡትሎደሩ ደግሞ የሚጠይቀው በእነዚያው ጥቂት ሰከንዶች ነው። እሱ ሲጣራ ላፕቶፑ ገና አልነቃም።

መፍትሔው ቀላል ሆነ። ዕቃ ቤት ውስጥ ኬብሎችን እርስ በርስ የምታገናኝ አንድ ትንሽ ባለ አምስት ፖርት ስዊች ነበረች። ላፕቶፑን ከስዊቿ፣ ስዊቿን ከራውተሩ አገናኘሁ። አሁን ራውተሩ ቢጠፋም የላፕቶፑ ኬብል ከስዊቿ ጋር ስለሆነ አይወድቅም።

ሪሴቱን ተጭኜ አበራሁ። ስክሪኑ ላይ አንዲት መስመር ብቅ አለች። 192.168.0.86 የሚባል አድራሻ «192.168.0.66 ማን ነው? ለእኔ ይንገረኝ» ብሎ ይጠይቃል። 192.168.0.86 የራውተሩ ቡትሎደር ነው። ተነስቼ ቆምኩ። አለ! ሌላው ሁሉ ፈርሶበት እሱ ብቻውን ተነስቶ እየፈለገኝ ነው። ይህችን መስመር ማየት ለእኔ የቀኑ ትልቁ ነገር ነበር።

ላፕቶፑ «እኔ ነኝ» ብሎ መለሰለት። ራውተሩ ፋይሉን ጠየቀ። ፋይሉ ግን አልሄደም። ጠየቀ፣ ጠየቀ፣ ተወው።

ይህኛው ቶሎ ገባኝ። የላፕቶፑ ፋየርዎል ነው። ቲኤፍቲፒ የሚሠራው በዩዲፒ ፖርት 69 ነው፤ ፋየርዎሉ ከውጭ የመጣውን ጥያቄ እየዘጋ ነበር። ላፕቶፑ ከዚህች ኬብል ውጪ ከምንም ጋር ስላልተገናኘ ፋየርዎሉን ለጊዜው አጠፋሁት።

ለመጨረሻ ጊዜ ሪሴቱን ያዝኩ። የቲኤፍቲፒው መስኮት ውስጥ ቁጥሮች መሮጥ ጀመሩ። በጥቂት ሰከንድ ፋይሉ አለፈ። ከዚያ ዝም።

እጄን አነሳሁ። ሰዓቱን አየሁ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ምንም ላልነካ ራሴን አሰርኩ። ወንድሜም አጠገቤ ቁጭ አለ፤ ሁለታችንም ራውተሩን እያየን። በሦስተኛው ደቂቃ መብራቶቹ በሙሉ ጠፍተው ተመለሱ። የኃይል መብራቱ ብልጭ ብልጭ ሲል ቆየ። ከዚያ ረግቶ ቆመ።

ላፕቶፑን ወደ ራስሰር አይፒ መለስኩት። 192.168.1.1 ብዬ ከፈትኩ። የኦፕን ደብልዩአርቲ መግቢያ መጣ።

«አልኩህ አይደል?» አልኩት።

ፋየርዎሉን እንዳልረሳው ወዲያው መልሼ አበራሁት።

ቅዳሜ ማታ

ሉሲ ስትከፈት መጀመሪያ የምትለው «የይለፍ ቃል የለም» ነው። የተጠቃሚው ስም ሩት ነው፤ ከዚያ ውጪ ምንም የለም። መጀመሪያ ፓስወርድ ሰጠሁት።

ሁለተኛ ሥራዬ ባክአፕ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠቁም፤ ብዙ ሰው ያልፈዋል። በአቴሮስ ራውተሮች ፍላሽ ላይ አርት የሚባል ትንሽ ክፍል አለ። ውስጡ የዋይፋዩ የልኬት መረጃ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ለእያንዳንዱ ራውተር ለብቻው የተለካ ነው። ከጠፋ ከሌላ ቦታ አይወረድም፤ ዋይፋዩም እንደ ድሮው አይሆንም። ፈርምዌሩ መቶ ጊዜ ቢጠፋ መቶ ጊዜ ይጫናል። አርት ግን አንድ ብቻ ነው። በሉሲ የባክአፕ ገጽ ላይ የፍላሹን ክፍሎች አንድ በአንድ ማውረጃ አለ። አርትን መርጬ አወረድኩ፤ ሁለት ቦታ አስቀመጥኩት።

ከዚያ የሞደሙን ኬብል ዋን (ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው) ፖርት ላይ ሰካሁ። ኔት የለም። አይፒ ደርሶታል፤ ኔት ግን የለም።

ነገሩን ወረቀት ላይ ስሥለው ታየኝ። ሞደሙ 192.168.1.1 ነው። ራውተሬም አሁን 192.168.1.1 ሆኗል። በፊት የአምራቹ ፈርምዌር 192.168.0.1 ስለነበር አይጋጩም ነበር። አሁን ግን በፊት ለፊቱም በጀርባውም ያለው ሰፈር አንድ ዓይነት ቁጥር ስለያዘ ራውተሩ ፓኬቱን ወዴት እንደሚልክ ግራ ገባው።

የላኑን አይፒ ወደ 192.168.10.1 ቀየርኩ። ሉሲ እዚህ ላይ አሪፍ ጥበቃ አላት። ቅንብሩን ስትቀይር 90 ሰከንድ ትቆጥራለች። በዚያ ጊዜ ውስጥ ካላገኘችህ ራስህን ቆልፈህ ወጥተህ ይሆናል ብላ ወደ ነበረበት ትመልሰዋለች። እኔም የላፕቶፑን አይፒ ሳላድስ ጊዜው አለፈብኝና መለሰችው። በሁለተኛው ሙከራ ኬብሉን ነቅዬ ሰካሁ፤ ላፕቶፑ አዲስ አይፒ ያዘ፤ አዲሱን አድራሻ በጊዜ ከፈትኩ። ኔት መጣ።

ዋይፋዩ እስካሁን ጠፍቷል። ኦፕን ደብልዩአርቲ ሲጫን ዋይፋይ አያበራም። ትክክል ነው እላለሁ፤ ፓስወርድ የሌለው ራውተር በዋይፋይ ሊከፈት አይገባም። ነገ።

እሁድ ጠዋት፣ ዋይፋይ

መጀመሪያ የአገር ኮድ። የትኛው ቻናል እንደሚፈቀድና ጉልበቱ እስከ ስንት እንደሚሄድ የሚወሰነው በዚህ ነው፤ ያሉበትን አገር በትክክል መምረጥ ነው።

በ2.4 ጊጋኸርዝ በአካባቢው ያሉትን ኔትወርኮች ስካን አደረግኩ። አብዛኛው 6 ላይ ተጨናንቋል። ሳይደራረቡ አብረው የሚሠሩት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። 3 ወይም 4 ላይ መቀመጥ ከሁለቱም ወገን ረብሻ መውሰድ ነው። 11 ላይ አደረግኩት፣ ስፋቱን 20 ሜጋኸርዝ። በ5 ጊጋኸርዝ 80 ሜጋኸርዝ ሰጠሁት። የመረጥኩት ቻናል ራዳር የሚጋራው ስለሆነ ሲነሳ አንድ ደቂቃ ያዳምጣል፤ ራዳር ከሌለ ነው የሚጀምረው። ይህን የማያውቅ ሰው ዋይፋዩ ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል።

ጉልበቱን እስከ ጥግ መግፋት የሚወዱ አሉ። እኔ አልገፋሁትም። ራውተሩ ቢጮህ ስልኩ ይሰማዋል፤ ስልኩ የሚመልሰው ግን በራሱ ትንሽ ድምፅ ነው። ራውተሩ ካልሰማው ምን ይጠቅማል? ከዚያ ይልቅ ራውተሩን ከጥጉ አውጥቼ መደርደሪያው አናት ላይ አደረግኩት። እማዬ ክፍል ውስጥ የሲግናሉ ጥንካሬ ሲለካ ከ-74 ወደ -63 ተሻሻለ። ቁጥሩ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ነው የሚሻለው።

የዋይፋዩን መቆለፊያ ደብልዩፒኤ2 እና ደብልዩፒኤ3 ቅልቅል አድርጌ ነበር። አንድ አሮጌ ፕሪንተር አልገባም አለ። ለእሱ ስል 2.4ን ወደ ደብልዩፒኤ2 ብቻ መለስኩ፤ 5ቱ ቅልቅሉን እንደያዘ ነው።

እሁድ ከሰዓት፣ ለዚህ ነበር የመጣሁት

አሁን የወንድሜ ጩኸት ጉዳይ።

መጀመሪያ ለካሁ። ማንም ምንም ሳይልክ ፒንግ፣ ማለትም አንድ ፓኬት ሄዶ መልሱ እስኪመጣ ያለው ጊዜ፣ 26 ሚሊሰከንድ ነው። ትልቅ ቪዲዮ መላክ ጀመርኩ። 140፣ 390፣ 610፣ 720። መላኩን ሳቆም ትንሽ ቆይቶ ወደ 26 ተመለሰ። ይህ «ቡፈርብሎት» የሚባለው ችግር ነው።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ሞደሙ ውስጥ ፓኬቶች ተራ የሚጠብቁበት ቦታ አለ። ቦታው ሰፊ ነው። የእኔ ቪዲዮ መስመሩ ከሚችለው በላይ ሲጎርፍ ወረፋው ይረዝማል። የወንድሜ ጨዋታ የምትልከው ትንሽዬ ፓኬት ከዚያ ሁሉ ቪዲዮ ጀርባ ትሰለፋለች። ተራዋ ሲደርስ ጨዋታው አልቋል። ስለዚህ የኔቱ ፍጥነት ቢጨመር እንኳ ወረፋው እስካለ ድረስ ችግሩ አይጠፋም። «ኔታችን ቀርፋፋ ነው» ከሚለው ቤት ብዙው በሽታው ይህ ይመስለኛል።

ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ2012 ኮዴል የሚባል ዘዴ አቀረቡ። የወረፋውን ርዝመት ትቶ ፓኬቷ ምን ያህል ጊዜ እንደጠበቀች ነው የሚያየው። ጥበቃው ከ5 ሚሊሰከንድ በላይ ሆኖ ከሰነበተ የተወሰኑ ፓኬቶችን ይጥላል፤ ላኪው ያን አይቶ ፍጥነቱን ይቀንሳል። በኋላ እያንዳንዱን ግንኙነት በየራሱ ሰልፍ የሚያቆም ዘዴ ተጨመረበት። የዚህ ቤተሰብ አዲሱ አባል ኬክ ይባላል፤ በ2018 ሊኑክስ 4.19 ላይ ገባ። የእኔ ራውተር ከፋብሪካ ሲወጣ ይህ አልነበረውም። ዛሬ አለው።

ከፓኬጆቹ (በኋላ ከሚጨመሩ ፕሮግራሞች) ዝርዝር ወረፋውን የሚቆጣጠረውን ኤስኪውኤምን ከነሉሲ ገጹ ጫንኩ። ዋናው ነገር ሁለት ቁጥር ነው፦ የማውረጃና የመላኪያ ፍጥነት በኪሎቢት። መስመሩ በትክክል ከሚሰጠው ትንሽ ዝቅ መደረግ አለበት። ለምን? ወረፋው ሞደሙ ውስጥ ሳይሆን ራውተሩ ውስጥ እንዲሠራ ነው። ሞደሙን አላዝዘውም፤ ራውተሩን አዝዘዋለሁ። በተለያየ ሰዓት አምስት ጊዜ ለካሁ። ከዝቅተኛው ውጤት 90 በመቶውን ወስጄ ሞላሁ። ዘዴው ኬክ።

ያንኑ ቪዲዮ እንደገና መላክ ጀመርኩ። ፒንግ 29። 33። 31። 34። በሙሉ አምስት ደቂቃ ውስጥ ፒንጉ ከ40 አላለፈም። ቪዲዮው ለመድረስ ትንሽ ቆየ፤ ግድ የለም።

ከዚያ ወደ ወንድሜ ክፍል ሄድኩ። ጨዋታ ላይ ነው።

«ኔቱ እንዴት ነው?»

«አሪፍ ነው፤ ዛሬ ማንም አፕሎድ አያደርግም መሰለኝ።»

ቪዲዮው ገና እየሄደ ነበር።

አንድ ማሳሰቢያ ብቻ። ፍሎው ኦፍሎዲንግ የሚባለውን ማፋጠኛ ከኤስኪውኤም ጋር አብሮ ማብራት አይሆንም። ኦፍሎዲንግ ፓኬቶቹን በአቋራጭ ያሳልፋል፤ ኤስኪውኤም ደግሞ በእሱ በር ካላለፉ ሊቆጣጠራቸው አይችልም። በጣም ፈጣን መስመር ያለው ሰው እንዲህ ባለ አሮጌ ፕሮሰሰር ላይ ኤስኪውኤምን ሲያበራ ፍጥነቱ ሊወርድበት ይችላል። የእኛ መስመር መካከለኛ ስለሆነ ፕሮሰሰሩ አልተጨነቀም።

ሰኞ

ሥራ በዛብኝ፤ አልነካሁትም። ያው እየሠራ ነው።

ረቡዕ ማታ

የእንግዳ ዋይፋይ። ሌላ የኔትወርክ ስም፣ ሌላ የአይፒ ክልል፣ ለብቻው የፋየርዎል ዞን። ወደ ዋን ይወጣል፤ ወደ እኛ ላን አይገባም። ወደ ራውተሩ ራሱም አይገባም። ይህን ስዘጋ እንግዳው ጭራሽ አይፒ አላገኝ አለ። ሁለት ነገር መክፈት ረስቻለሁ፦ አይፒ የሚታደልበትን ፖርት 67 እና የድረ ገጽ ስምን ወደ አይፒ የሚተረጉመውን የዲኤንኤስን 53። ሁለቱን ከፈትኩ፤ ሠራ። ቴሌቪዥኑንና ካሜራውንም እዚያ አስገባኋቸው። ከኔት ጋር ያውሩ፤ ከላፕቶፔ ጋር ምን አላቸው?

ማስታወቂያ የሚዘጋውን ፓኬጅም ሞከርኩ። ዝርዝሮቹ ራም ላይ ነው የሚቀመጡት። ሦስት ትልልቅ ዝርዝር ስጨምርበት ነጻ የነበረው ራም በጣም አነሰ። አንድ መካከለኛ ዝርዝር ብቻ ተውኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ

ራውተሩ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ አልተጠፋም፣ ሃንግም አላደረገም። ሪስታርት የተደረገው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም እኔ በ24.10 ውስጥ ወደ ወጣው አዲስ ማስተካከያ ሳሳድገው። በሲስአፕግሬድ ፋይሉ፣ ቅንብሮቹን ይዞ። ከመጀመሬ በፊት ባክአፕ ያዝኩ። አሥሩንም ደቂቃ እጄን አጣጥፌ ጠበቅኩ። ኤስኪውኤም በኋላ የተጨመረ ፓኬጅ ስለሆነ አብሮ አልተሻገረም፤ ቅንብሩ ግን ስለነበረ እንደገና ስጭነው ወዲያው ቦታው ላይ ገባ።

ያሉትን ፓኬጆች በሙሉ ኦፒኬጂ በሚባለው የፓኬጅ መጫኛ አንድ በአንድ ማሳደግ ግን አይመከርም። ዋናው ሲስተም ተጨምቆ የተቀመጠበት ክፍል የሚነበብ ብቻ ነው። የታደሰው ፓኬጅ የሚጻፈው ከላዩ ባለው ትንሽ ቦታ ላይ ነው፤ አሮጌው ግን ከሥር እንዳለ ነው። ቦታው ይሞላል፤ ቨርዥኖቹም ይጋጫሉ። ሙሉ ፈርምዌሩን መቀየር ይሻላል።

ከዚህ በኋላ ራውተር ብገዛ መጀመሪያ የማየው ማዳኛ እንዳለው ነው። የኦፕን ደብልዩአርቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ራሳቸው ያወጡት ኦፕን ደብልዩአርቲ ዋን የሚባል ራውተር ሁለት የተለያዩ ፍላሾች አሉት። ዋናው ቢበላሽ አንዲት ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አዙሮ በሁለተኛው መነሳት ይቻላል። እንዲህ ታስቦበት የተሠራ ነገር ሳይ ደስ ይለኛል። ያን ቅዳሜ የእኔን ያዳነው ያው ሐሳብ ነው፤ ማንም የማይነካው ትንሽ ክፍል።

ዛሬ ማታ ራውተሩን እንደገና ገለበጥኩት። ሆዱ ላይ ከአምራቹ ወረቀት ጎን ነጭ ፕላስተር ለጠፍኩ። ቨርዥን 2። ማዳኛ 192.168.0.66። ከሥሩ የፋይሉን ስም በትልልቁ ጻፍኩ። ከዚያ «ስዊች በመሃል አድርግ፤ አሥር ደቂቃ ጠብቅ» ብዬ ጨመርኩበት። ትንሿን ስዊች ከዕቃ ቤት አውጥቼ ከራውተሩ ጀርባ አስቀመጥኳት።